አረንጓዴ እና ለምለም

ይህ ጽሑፍ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ምሽት ለጥቂት የፎቶ ወዳጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። አንድ ወዳጄ በስልኩ ቀድቶልኝ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስክሪን ላይ ያሳየኋቸውን ፎቶዎች እዚህ ማምጣት ስላልቻልኩ በቃል ገልጫቸዋለሁ። ከመሃል የተነሡትን ጥያቄዎችም አልተውኳቸውም።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ መብራቱን ብታጠፉልኝ ደስ ይለኛል። አዎ፣ እንዲህ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የፎቶ ባለሙያ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የማየው ደረሰኝ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ካሜራዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ባለቤቴ «ለሥራ እንዲህ ተነሥተህ አታውቅም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ይቺን ፎቶ ተመልከቱልኝ። የዛሬ 9 ዓመት ሱሉልታ ላይ ያነሣኋት ናት፣ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት። ሜዳው አለ፣ አደይ አበባው አለ፣ ከኋላ ተራራው አለ። ያኔ ካሜራ ከገዛሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። ኤዲት ስናደርግ ቀለምን የሚያደምቀውን፣ ሳቹሬሽን የሚባለውን ስላይደር ያገኘሁትም በዚያው ሳምንት ነው። ስላይደሩ እስከ 100 ይሄዳል። እኔ 70 ላይ አቆምኩት፤ ራሴን ልከኛ ሰው አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው ላይኩ ዘነበ። «አገሬ!» የሚል ኮሜንት፣ ልብ፣ ባንዲራ። ልቤ አበጠ። በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ለእናቴ ወሰድኩላት።

እናቴ ያደገችው ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ልጅነቷ ያለፈው ከብት ጥበቃ ላይ ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ አየችው። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄን ሣር እኮ ከብት አይበላውም» አለችኝ።

ለምን ስላት «መርዝ ይመስላል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ፎቶውን ግን ሰቀለችው፤ እናት አይደለች? የሰቀለችው በሩ ሲከፈት በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ ነው።

ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስለ ኤዲቲንግ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እሱ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለ እሱ ብቻ ነው። ሌንስ አላወዳድርም፤ ካሜራም አልሸጥላችሁም።

አማርኛችን ሁለት ቃል አለው፤ አረንጓዴ እና ለምለም። አረንጓዴ የቀለም ስም ነው። ኩሽና ያለው የፕላስቲክ ጆግም አረንጓዴ ይሆናል። ለምለም ግን ቀለም ብቻ አይደለም። ውሃ አለበት፣ ልስላሴ አለበት፣ ሕይወት አለበት። እንጀራም እኮ ለምለም ይባላል። እንጀራ ደግሞ አረንጓዴ አይደለም፤ አረንጓዴ ከሆነማ ሻግቷል። ሳቹሬሽን የሚባለው ስላይደር አረንጓዴውን ይጨምርላችኋል። ለምለም የሚያደርግ ስላይደር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ የዚያን ጊዜ ሱሉልታን ያሻገትኩት እሱን ሳላውቅ ነው።

ታዲያ ለምለምነቱ የት ይጠፋል? ሜዳው ላይ ቆመን በዓይናችን አይተነዋል። ቤት ገብተን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ግን ጭር ያለ ነገር ይጠብቀናል።

አንደኛው ምክንያት ካሜራችን እንደ ዓይናችን አለማየቱ ነው። ዓይን ደመናውን ሲያይ ይጠብባል፣ ጥላውን ሲያይ ይከፈታል፣ አእምሯችን ሁለቱን ሰፍቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ካሜራው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ልክ መያዝ አለበት። ሌላው ነገር ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ራሱ ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ በያንዳንዱ ፒክስል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል። ዛሬ አብዛኛው ካሜራና ስልክ የሚጠቀምበትን አደራደር የፈጠረው የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚህ አደራደር ከአራት ፒክስል ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።

ለምን አረንጓዴ በዛ? የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃው ለአረንጓዴ ስለሆነ ነው፤ 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው ብርሃን። ይህን ልብ በሉ። ሰማዩን ትንሽ ብታጋንኑት ሰው ያልፋችኋል። ሣሩን ብታጋንኑት ግን ወዲያው ያውቅባችኋል። ምን እንደሆነ መናገር ባይችል እንኳ የሆነ ነገር ይቀፈዋል። እናቴ የያዘችኝ በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ስለ ፎቶ የተማርነው ከፈረንጅ ዩቲዩብ ነው፣ የፈረንጅ ፀሐይ ደግሞ ሌላ ናት።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ስለዚህ ያ ሁሉም የሚያወራለት ወርቃማ ብርሃን፣ ፀሐይ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ከፍታ ያለችበት ጊዜ፣ እኛ ጋ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ወር ፀሐይዋ ተጋድማ ስለምትወጣ ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆያል። እነሱ የካሜራ ማቆሚያውን ትራይፖድ ዘርግተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ሐሳብ ቀይረው ይደርሳሉ። እኛ ቦታ ስንመርጥ ያልቃል። ቦታው ዓርብ ማታ ተመርጦ ማደር አለበት።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ፀሐይዋ አዲስ አበባ ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያ ማለት በዚህ ሰሞን ነው። ነገ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደመና ከሌለ ውጡና ጥላችሁን ፈልጉት፤ ጫማችሁ ሥር ነው። ያን ሰዓት የተነሣ ሣር ቅርጽ የለውም። ጥላ ከሌለ ሣር ምንጣፍ ነው። ከዚያ ቤት ገብተን ምንጣፉን በሳቹሬሽን ልናድነው እንታገላለን።

የጠዋት ብርሃን ከጎን ወይም ከኋላ ይመጣል። ከኋላ ሲመጣ በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል። ቅጠሉ እንደ ፋኖስ ከውስጥ ይበራል። ጤዛው በየሣሩ ጫፍ ላይ ያብለጨልጫል። ለምለም የሚባለው ነገር ፎቶ ላይ የሚገባው በዚህ በር ነው። ቀለሙ ምንም ያህል አልተጨመረም፤ ብርሃኑ ብቻ ነው መንገዱን የቀየረው።

እዚህ ጋ አንድ ወንድማችን ስለ ፖላራይዘር ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እርጥብ ቅጠል ነጩን ሰማይ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ የራሱ ቀለም ይሸፈናል። ፖላራይዘር ፊልተር ያንን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ከታቹ ብቅ ይላል። ይህን ደግሞ ኋላ በኤዲቲንግ አታመጡትም። ነጸብራቁ የሸፈነው ነገር ፋይሉ ውስጥ የለም። ነገር ግን ፊልተሩን እስከ መጨረሻው አታዙሩት። ጤዛውም አብሮ ይሞታል፣ ሣሩም ጨርቅ ይመስላል። ግማሽ ላይ አቁሙት።

ሦስተኛው ነገር፣ እኔ ለማወቅ ዓመታት የፈጀብኝ፣ ሣር አንድ ቀለም አለመሆኑ ነው። ከዚያ የፍሬም ነገር በኋላ አንድ እሑድ እናቴን መኪና ላይ አስቀምጬ ሱሉልታ ወሰድኳት። ካሜራዬን አላወጣሁም። ዝም ብላ በጣቷ እያሳየች ስም ጠራችልኝ። ይሄ ሰርዶ ነው፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ይሄ ማገጥ ነው፤ ከብት የሚወደው፣ ሦስት ቅጠል ያለው፣ ጠቆር ያለ። ያ ግጫ ነው፤ በእርጥብ ቦታ ችፍግ ብሎ ይቆማል፣ ጫፉ ቢጫ ነው። ያ ሙጃ ነው። እዚያ ዳገቱ ላይ ያለው ሰንበሌጥ፤ በጥቅምት ይቀላል። እኔ ለሰላሳ ምናምን ዓመት «ሣር» ስል የኖርኩት ነገር አምስት ስም ነበረው። አምስት ቀለምም።

እንጦጦን ውሰዱ። የእንጦጦ አረንጓዴ የባሕር ዛፍ አረንጓዴ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ በተለይ ለጋው ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ይነጣል። ከሥሩ አልፎ አልፎ የቀረ ጥድ አለ፤ እሱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ሜዳው ላይ ያለው የገብስ ማሳ ወደ ቢጫ ያደላል። ሳቹሬሽኑን ስትጎትቱት ሦስቱም ተያይዘው ወደ አንድ ጆግ ቀለም ይሮጣሉ። ለምለምነት ግን የሚታየው እነዚህ እርስ በርስ ሲለያዩ ነው። ገብሱ ለምለም የሚሆነው ጥዱ ጥቁር ስለሆነ ነው። ከታረሰ መረሬ አጠገብ የቆመ ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምንም ኤዲት አይፈልግም።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁትን ፎቶ ላሳያችሁ። (ሳቅ) አወቃችሁት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ይታይ የነበረው አረንጓዴ ኮረብታ። እኔ በዘመኑ ኢንተርኔት ካፌ ስገባ በደቂቃ እየከፈልኩ እሱን አፍጥጬ አይ ነበር። ብዙ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ቻርልስ ኦሪር የሚባል ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ጥር ወር ላይ ካሊፎርኒያ ሶኖማ ውስጥ በመኪና ሲያልፍ አይቶ ያነሣው ነው። በኮምፒውተር እንዳልነካካው ራሱ ተናግሯል። እዚያ አገር ዝናቡ በክረምታቸው ስለሚመጣ የእነሱ ጥር እንደ እኛ መስከረም ነው። ኮረብታው በሌላ ጊዜ የወይን ተክል ነበረበት፤ ተባይ በልቶት ስለተነቀለ ነው ሣር ብቻ የቀረው።

ግን አንድ ነገር አለ። ያነሣበት ፊልም ፉጂ ቬልቪያ ይባላል። ቬልቪያ አረንጓዴንና ሰማያዊን በማድመቅ የታወቀ ፊልም ነው። ስለዚህ ሰውየው አልነካካውም ማለት ፎቶው አልተነካካም ማለት አይደለም። ፊልሙን የሠሩት መሐንዲሶች ቀድመው ነክተውታል። የእናንተም ስልክ እንዲሁ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ብዙ ፎቶ አንሥቶ ይደርብና፣ ጥላውን ያነሣና፣ ሰማዩን ያደምቅና «ይኸው» ይላችኋል። «እኔ ኤዲት አላደርግም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ታደርጋላችሁ። ያደረገላችሁን ሰው አታውቁትም እንጂ።

እንግዲህ ኤዲቱን ራሳችን እናድርገው። ይህ ሁለተኛው የሱሉልታ ፎቶ ነው፤ ያው ሜዳ፣ ያው ወር፣ ከአራት ዓመት በኋላ። አሁን የሚታየው ራው ፋይሉ ነው፤ ገና ያልተነካ። አስቀያሚ ነው አይደል? ደብዛዛ፣ ግራጫ፣ የታጠበ። አትደንግጡ። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። 14 ቢት ራው ፋይል 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጄፔግ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ራው ሊጥ ነው። ሊጥ አይበላም፣ ግን ገና የፈለጋችሁትን ታደርጉታላችሁ።

መጀመሪያ የነካሁት ኋይት ባላንሱን፣ የፎቶውን ቀለም ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ የሚያደርገውን ነው። ካሜራው አውቶ ላይ ስለነበር የጠዋቱን ሙቅ ብርሃን እንደ ስህተት ቆጥሮ አርሞታል። ወደ 5600 ኬልቪን መለስኩት። ጥላው ያለበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ይቅር። ጠዋት በብርድ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላው ሰማያዊ መሆኑን ያውቃል። ያን ሰማያዊ ካጠፋሁት ብርዱም ይጠፋል።

ቀጥሎ ደመናው። ሀይላይቱን፣ የፎቶውን በጣም ብሩህ ክፍል የሚቆጣጠረውን፣ ወደ ታች ሳብኩት፤ የደመናው ሆድ ታየ። ጥላውን ትንሽ አነሣሁት፣ ትንሽ ብቻ። ብዙ ጀማሪ ሻዶ የሚለውን እስከ ጫፍ ይወስደዋል። ያኔ ዛፉ ሥር ያለው ጨለማ ሁሉ ይገለጥና ፎቶው ጣሪያ የሌለው ቤት ይሆናል።

አሁን ወደ ሣሩ መጣን። ሳቹሬሽኑን አልነካሁትም። ቀለሞችን በየተራ የሚያስተካክለውን ክፍል ከፈትኩ። እዚህ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ሣሩን ለማስተካከል አረንጓዴውን ሳይሆን ቢጫውን ንኩ። ለዓይናችን አረንጓዴ የሆነው ሣር ለሶፍትዌሩ በአብዛኛው ቢጫ ነው። አታምኑኝም? ቤት ሄዳችሁ የአረንጓዴውን የድምቀት ስላይደር እስከ ታች አውርዱት፤ ሜዳው ላይ ብዙም ለውጥ አታዩም። የቢጫውን እስከ ታች ስታወርዱት ግን ሜዳው ይሞታል። እኔ ቢጫው ላይ ሁለት ነገር አደረግኩ። ድምቀቱን 10 ቀነስኩ፣ ብርሃኑን 12 ጨመርኩ። ቀነስኩ ነው ያልኩት። ሣሩ ግን ይኸው፣ ለመለመ። ብርሃን ሲገባበት ቀለሙን መጨመር አላስፈለገም።

አደይ አበባዋ ለብቻዋ መከራ ናት። ቢጫ አበባ ላይ ቀዩ ቻናል ቀድሞ ይሞላል። የካሜራችሁ ሂስቶግራም፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ፣ ነጩን ብቻ ካሳያችሁ ሁሉ ደህና ይመስላል፤ ቤት ስትገቡ ግን አበባው የቅጠል መስመር የሌለው ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሂስቶግራሙን ሦስቱን ቀለም ለየብቻ ወደሚያሳየው ቀይሩት። ቀዩ ቀኙን ግድግዳ ከነካ ትንሽ አጨልማችሁ ድገሙት።

ዝርዝሩን የሚያጎላውን፣ ክላሪቲ የሚባለውን ስላይደር በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ ሣርን ሽቦ ያደርጋል።

በመጨረሻ ፎቶውን ለአፍታ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ቀለሙ ሲወጣ ሜዳው አሁንም ለስላሳ ከመሰለ ሥራው ተሠርቷል። ጥቁርና ነጩ ላይ የሞተ ሜዳ በቀለም አይነሣም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቼ አድራለሁ። ማታ ልከኛ የመሰለኝ ነገር ጠዋት ሲታይ ሁልጊዜ በዝቷል። ሁልጊዜ። ዓይን ቀለም ይለምዳል፤ ልክ በርበሬ እንደሚለመደው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስክሪን ላይ ካፈጠጥኩ በኋላ በራሴ አልተማመንም።

ስክሪን ካነሣን አይቀር፤ ብዙ ስልኮች ቀለምን አጋንነው የሚያሳዩበት ሞድ አላቸው፣ ከፋብሪካ ሲወጡም በዚያ ሞድ ላይ የሚሆኑ አሉ። ወደ ተፈጥሯዊው ቀይሩት፣ ብርሃኑንም መካከል ላይ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ደግሞ በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፣ የደከማችሁበት የሣር ጫፍም ገንፎ ይሆናል።

አንዲት እህት እጇን አንሥታ «ታዲያ ሁልጊዜ መቀነስ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። አይደለም፤ ዳሎልን ላሳይሽ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ድኝ አለ፣ ጨው አለ፣ በተለያየ ደረጃ የዛገ ብረት አለ፣ አሲድ ኩሬ አለ። ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ይቺ ፎቶ ሳቹሬሽኗ ከራው ፋይሉ ወደ ታች የተቀነሰ ነው። ሆኖም ያየ ሰው ሁሉ «ኤዲቱ በዛ» አለኝ። እውነቱን ባሳይ ማንም አያምነኝም፤ ቀንሼም አላመኑኝም። እዚያ ያለው አረንጓዴ ግን ለምለም አይደለም። መርዝ ነው፣ መርዝም መምሰል አለበት። እናቴ ብታየው «ትክክል ነው» የምትል ይመስለኛል።

ከዚያ የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ። ኤዲት ማድረግ ማታለል አይደለም ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አቀራርቦ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። አግድም የተነሣ ፎቶ ነበር፤ ለቁመት ገጹ እንዲመች ብለው ነው። ትልቅ ወቀሳ ገጠማቸው። ይህ አንድ ነው። ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የሚካሄደውን ትልቁን የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያሸነፈ የተኩላ ፎቶ አለ። ተኩላው በሌሊት አጥር ሲዘል ይታያል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳኞቹ ተኩላው የተለማመደ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ነጠቁ፤ ፎቶ አንሺው ግን አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ኤዲት አልነበረም። ስላይደር ሳይነኩም መዋሸት ይቻላል ማለት ነው።

የእኔን ደንብ ከጠየቃችሁ፣ ብርሃንና ቀለም ላይ እጄን አስገባለሁ፤ ያልነበረ ነገር አልጨምርም፣ የነበረም አላጠፋም። ሜዳው ላይ ሃይላንድ ወድቆ ካገኘሁ ሄጄ አነሣዋለሁ እንጂ በፎቶሾፕ አልደልዘውም። ሃያ እርምጃ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ግን አልነቅለውም። ምሰሶው የሱሉልታ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት የሌሉ ሕንፃዎችም አሁን አሉ። አንዳንዴ ጥግ ዞሬ እደብቃቸዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ገና አልፈታሁትም።

ስለ ቦታው ሰዎችም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጠዋት ትራይፖድ ዘርግቼ ሳለሁ አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። «አከም ቡልተን አባባ» አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ ከዚያ ብዙ አያልፍም። እሳቸው በአማርኛ «መሬቱን ልትለኩ ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሦስት እግር ያለው ነገር ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይቅርታ ጠይቄ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና በጥፍራቸው የግራውን ጥግ ነኩ። «እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል። ሌላው ሲደርቅ ይሄ አይደርቅም። በኅዳር ና።»

በኅዳር ሄድኩ። ሌላው ሜዳ ገለባ ሆኖ፣ ያቺ ጥግ ብቻ ለምልማ ቆማለች። ይቺ ናት ፎቶዋ። ኤዲቷ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት አጠገብ ከመቆሜ በፊት ባለቤቱን ፈልጌ እጠይቃለሁ። ፈቃድ ይሰጡኛል፣ ደግሞም ከእኔ ይልቅ ብርሃኑ በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ የሁልጊዜው ነው። ምን ካሜራ ልግዛ? ስልክ ካለሽ አትግዢ። ስልክሽ ፕሮ የሚል ሞድ ካለው ራው ማንሣቱን እይ፤ ብዙዎቹ ያነሣሉ። ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ ኤዲቲንግ አፕ ነፃ ነው፣ ራውም ይከፍታል። ኮምፒውተር ላይ ላይትሩም ለሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር መክፈል ለማይችል ዳርክቴብል የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ መልኩ ያስፈራል፣ ሥራው ግን ሙሉ ነው። ካሜራ ለመግዛት ያሰብሽውን ገንዘብ ለታክሲና ለቤንዚን አድርጊው። አንድ ቦታ አሥር ጊዜ ሂጂበት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱሉልታ ስመላለስ ጥሩ የምለው ፎቶ ሰባት ቢሆን ነው።

እናቴን ለጠየቃችሁኝ፣ የኅዳሩንም ፎቶ አሳይቻታለሁ። የተነሣበትን ቦታ አልነገርኳትም። «እዚህ ጋ ረግረግ አለ፣ ጥጃ ይሰምጣል» አለችኝ። የቀድሞው አሁንም ከበሩ ኋላ ነው ያለው።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ መምጣት የሚፈልግ ካለ አብረን እንሂድ። ሌሊት 11 ሰዓት እንጦጦ መውጫ ላይ እንገናኝ፣ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ትወጣለች። የፈለጋችሁትን ካሜራ ያዙ። ቦቲ ጫማ ግን አትርሱ፤ ጤዛው እስከ ጉልበት ነው።